ምዕራፍ ስድስት፦ መሪው ሲጫወት

ሐረር ውስጥ ሰማያዊና ነጭ የተቀባ ፔጆ 404 ታክሲ ያየ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዕድሜው ነው። መልሱ አጭር ነው። ሞዴሉ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን የቤት መኪናው ምርት ፈረንሳይ ውስጥ ያበቃው በ1975 ነው። ሞተሩ እንዴት እስካሁን ይሠራል የሚለውም ብዙ አያስቸግርም፤ ሞተር ይወርዳል፣ ይከፈታል፣ ይታደሳል፣ ተመልሶ ይገባል። ይበልጥ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ ይህን ያህል ዓመት ድንጋይ ላይ ሲንገጫገጭ የኖረ መኪና ዛሬም ሾፌሩ ወዳዘዘው አቅጣጫ የሚሄደው እንዴት ነው?

እውነቱን ለመናገር ሁሉም አይሄዱም። አንዳንዱ መሪው ሁለት ጣት ያህል ወዲህና ወዲያ ሲል ጎማው ከቦታው አይነቃነቅም። ሾፌሮች «መሪው ይጫወታል» ይላሉ። መኪናው ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳ ይዋልላል፤ የሾፌሩ እጅ ያለማቋረጥ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያለ ያቃናዋል።

ልቅነቱ የሚሰማው መሪው ላይ ቢሆንም የሚኖረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ቦታውን ሳያገኝ የሚያጠብቅ ሰው አንዱን ጉድለት ሸፍኖ ሌላ ይፈጥራል። ስለዚህ ከመፍቻው በፊት የመሪውን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከእጅ እስከ ጎማ

የ404 መሪ አሠራር ቀላል ነው። ሾፌሩ የሚይዘው ክብ መሪ ከግንዱ ጋር ታስሯል። ግንዱ ወደ ታች ወርዶ ፒኞን የምትባለውን ትንሽ ጥርሳም ማርሽ ያዞራል። ፒኞኗ የምትነክሰው ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ ጥርሳም ዘንግ አለ። መሪው ሲዞር ዘንጉ በጎን ይንሸራተታል። ከጫፎቹ ደግሞ ሌሎች ሁለት ዘንጎች ተነሥተው ወደ ጎማዎቹ ይሄዳሉ፤ በጎማው በኩል ያለው መጋጠሚያቸው ጋራዥ ውስጥ ቴስቲና የሚባለው ነው። ቴስቲና ማለት ጽዋ መሰል ቤት ውስጥ የተቀመጠ ክብ የብረት ራስ ነው። ጎማው በጉድጓድ ሲዘልም ሆነ በመታጠፊያ ሲዞር ራሱ ቤቱ ውስጥ ይሽከረከራል እንጂ መላቀቅ የለበትም።

በብዙ አሮጌ የጭነት መኪናዎች ላይ ያለው አሠራር ከዚህ ይለያል። እዚያ ግንዱ የሚገባው ወደ አንድ የመሪ ማርሽ ሳጥን ነው፤ ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድም በተከታታይ ዘንጎች ጎማዎቹን ይገፋል። መጋጠሚያው ስለሚበዛ ልቅነት የሚገባበት በርም ይበዛል። የብሪታንያ ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ይህን ልዩነት በቁጥር ያስቀምጠዋል። ስፋቱ 380 ሚሊ ሜትር በሆነ መሪ ላይ ጥርሳም ዘንግ ላለው መኪና የሚፈቀደው ባዶ እንቅስቃሴ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የማርሽ ሳጥን ላለው ግን እስከ 75 ሚሊ ሜትር ይታለፋል። ስለዚህ የጭነት መኪና ሾፌር «ይሄማ ምን አለበት» የሚለው ጨዋታ ለ404 የሕመም ምልክት ነው።

404 ዘይት የሚገፋለት አጋዥ መሪ የለውም። ጎማው የነካውን ድንጋይ የሾፌሩ እጅ ያውቀዋል። ይህ ያደክማል፤ ለመመርመር ግን ይመቻል፤ ኃይል ጨማሪ ፓምፕ መሀል ገብቶ የሚያደበዝዘው ነገር ስለሌለ መጋጠሚያው መላላት ሲጀምር ወሬው በቀጥታ መሪው ላይ ይደርሳል።

ትንሿ ክፍተት እጅ ላይ ስትደርስ

ቴስቲናውን በእጁ ይዞ የሚያወዛውዝ ሰው ብዙ ጊዜ «ይህቺ ናት እንዴ!» ብሎ ይተዋታል፤ የምትነቃነቀው ለዓይን እንኳ በጭንቅ ነው። ግን እናስላው። የመሪው ስፋት 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከመሀሉ እስከ ጠርዙ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። የፒኞኗ ከመሀል እስከ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። አንዱ የሌላው 25 እጥፍ ነው። የሾፌሩን ጉልበት የሚያበዛው ይኸው ቁጥር ነው፤ ክፍተቱንም የሚያበዛው እርሱ ነው። ከታች 0.4 ሚሊ ሜትር የላላ ነገር መሪው ጠርዝ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይወጣል።

አሁን አራት መጋጠሚያዎች እያንዳንዳቸው 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢላሉስ? ድምሩ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ እጅ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከአራቱ አንዱም ለብቻው ሲታይ «መቀየር አለበት» አያሰኝም። የአሮጌ መኪና መሪ ጠጋኝን ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፤ አንድ ጥፋተኛ ፍለጋ ይገባል፣ የሚያገኘው ግን ማኅበር ነው።

ጉዳቱ ከፍጥነት ጋር ይጨምራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የሾፌሩ እጅ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ክፍተቱ እስኪሞላ ግማሽ ሰከንድ ከባከነ፣ መኪናው 8 ሜትር ያህል ማንም ሳይመራው ሄዷል ማለት ነው። ሾፌሩ ይህን ሲያውቅ አብዝቶ ያዞራል፤ ክፍተቱ ሲሞላ መኪናው ከሚፈለገው በላይ ይታጠፋል፤ ይመልሰዋል፤ እንደገና ያልፋል። ከኋላ የሚከተል ሰው ሾፌሩ የሚያንቀላፋ ይመስለዋል።

ሐረር መሪን በሁለት መንገድ ታደክማለች

አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት የጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት መንገዶች ለእግረኛና ለጭነት እንስሳ የሚበቁ ናቸው። መኪና እንደ ልቡ የሚገባባቸው ጥቂት ናቸው። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ተሳፋሪ አውርዶ ለመመለስ የሚፈልግ ሾፌር ወደፊት ጥቂት፣ ወደኋላ ጥቂት እያለ ነው የሚዞረው። በየመሀሉ መኪናው ቆሞ መሪውን እስከ ጫፍ ይጠመዝዛል። መሪ ላይ ከባዱ ሸክም የሚያርፈው ያኔ ነው። የሚንከባለል ጎማ በቀላሉ ይዞራል፤ የቆመ ጎማ ግን ድንጋዩን እየፈተገ ነው የሚዞረው፤ ያ ሁሉ ጭነት በፒኞኗ ጥርስና በቴስቲናው ራስ በኩል ያልፋል።

ሁለተኛው መንገድ ከከተማ ውጭ ነው። ከሐረር በአወዳይና በሐረማያ አድርጎ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ መኪና ከ2000 ሜትር አካባቢ ከፍታ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወርዶ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ይገባል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ያጋድላል። እዚያ ላይ የፊት መጋጠሚያ ልቅ ከሆነ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መኪናው ወደ አንድ ጎን ሊሄድ ይቃጣዋል። ሾፌሩ ፍሬኑን ይጠረጥራል፤ ፍሬኑ ይከፈታል፤ ምንም አይገኝበትም።

በሁለቱም መንገድ ላይ አቧራ አለ። ቴስቲናው ላይ የሚለበሰው የጎማ ሽፋን አንዴ ከተቀደደ ግራሶው ይወጣል፣ አቧራው ይገባል። የቀረው ግራሶና የገባው አቧራ ተቀላቅለው እንደ ሞረድ ብረቱን ይበሉታል። ርካሹ ሽፋን በጊዜው ሳይቀየር ቀርቶ ውዱ ቴስቲና የሚያልቀው በዚህ ነው።

በሐረር መንገዶች የፔጆን ሥራ እየተሻማ ያለው ባጃጅ ከዚህ ጣጣ ብዙውን አያውቀውም። መሪው በቀጥታ የፊት ጎማውን ሹካ ያዞራል፤ ጥርሳም ዘንግም ሆነ ቴስቲና የለውም። የሚላላበት ዋና ቦታ የመሪው ግንድ የሚዞርባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው። ባጃጁን አቁሞ ፍሬኑን እንደያዙ ወደፊትና ወደኋላ ሲገፉት ግንዱ «ኳ» ካለ ልቅነቱ ያለው እዚያ ነው። ጥቂት መጋጠሚያ ያለው ነገር ጥቂት የመደበቂያ ቦታ አለው።

ሁለት ሰው የሚፈልግ ምርመራ

ልቅ መሪ በአንድ ሰው አይመረመርም። አንዱ መሪው ላይ፣ ሌላው ከስር መሆን አለባቸው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ወይም የጋራዥ ጉድጓድ ላይ ይቆማል፤ የኋላ ጎማዎች ይታገዳሉ። የፊት ጎማዎች ግን መሬት ላይ ናቸው። ይህን ብዙዎች ይስቱታል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው አየር ላይ ከተንጠለጠለ መሪውን የሚቃወም ነገር ስለሌለ ሁሉም በአንድነት ይንቀሳቀሳል፤ ክፍተቱም ይደበቃል። መሬት የያዘው ጎማ ነው እያንዳንዱን መጋጠሚያ ራሱን እንዲያጋልጥ የሚያስገድደው።

ረዳቱ መሪውን በጣም በትንሹ፣ ጎማው እስኪዞር ሳይሆን መዞር ሊጀምር እስኪል ድረስ ብቻ ያንቀሳቅሳል።

«ጋሼ፣ ልጨምር?»

«አትጨምር። እንደዚያው ወዲህ ወዲያ በል፤ እኔ እስክልህ አታቁም።»

ሜካኒኩ ከስር ሆኖ መዳፉን መጋጠሚያው ላይ ያደርጋል፤ ግማሹ መዳፍ በአንዱ ብረት፣ ግማሹ በሌላው። ሁለቱ ብረቶች አብረው ከሄዱ መጋጠሚያው ጤነኛ ነው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ከዘገየ መዳፉ ያውቀዋል፤ ዓይን ሊስተው የሚችለውን ሩብ ሚሊ ሜትር ጣት ይለየዋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል፦ ግንዱ ከፒኞኗ ጋር የሚገናኝበት፣ ፒኞኗ ከጥርሳሙ ዘንግ ጋር የምትነካከስበት፣ የዘንጎቹ የውስጥ መገናኛ፣ የግራ ቴስቲና፣ የቀኝ ቴስቲና። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የጥርሳሙ ዘንግ ቤት ራሱ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረባቸው ቡሎኖች። እነርሱ ከላሉ መሪው ሲዞር ቤቱ በሙሉ በጎን ይሄዳል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ አዲስ ቢሆንም መሪው ይጫወታል። መድኃኒቱ ደግሞ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ቡሎን ማጥበቅ።

ክሪክ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። የፊት ጎማው ይነሣል፤ መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያርፋል። ጎማው መጀመሪያ ከግራና ከቀኝ ጠርዙ፣ ቀጥሎ ከላይና ከታች ተይዞ ይወዛወዛል። በጎን ሲያዝ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ቴስቲናና ወደ መሪ ዘንግ ይሄዳል። በሁለቱም ሲነቃነቅ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ከላይና ከታች ሲያዝ ብቻ ከሆነ የታችኛው መገናኛ ወይም የሾክ አብዞርበሩ የላይ ማረፊያ ይጠረጠራል። ረዳቱ ፍሬን ሲይዝ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ላይ የነበረው ጥርጣሬ ይጸናል፤ ፍሬኑ ጎማውንና ማረፊያውን አንድ አድርጎ ስለያዛቸው።

የማጥበቅ ፈተና

በጥርሳሙ ዘንግ ቤት ላይ፣ ፒኞኗ ካለችበት ትይዩ፣ አንድ ማስተካከያ አለ። ከውስጡ ስፕሪንግ የሚገፋው ተንሸራታች ብረት ጥርሳሙን ዘንግ ከፒኞኗ ጋር ያጣብቀዋል። ማስተካከያው ሲጠብቅ ጨዋታው ወዲያው ይቀንሳል። አንድ ደቂቃ የማይፈጅና ባለቤቱን ደስ የሚያሰኝ ሥራ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው። መጀመር የሌለበትም ከዚህ ነው።

ምክንያቱ ጥርሱ የሚበላበት መንገድ ነው። መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው፤ ስለዚህ የዘንጉ መሀል ላይ ያሉት ጥርሶች ሲያልቁ ጫፍ ላይ ያሉት እንደ አዲስ ይቆያሉ። መሪውን ቀጥ አድርጎ ጨዋታው እስኪጠፋ የሚያጠብቅ ሰው ላለቀው መሀል ልክ የሆነ ጥብቀት ሰጠ። መሪው ወደ ዳር ሲዞር ግን ፒኞኗ ካላለቁት ወፍራም ጥርሶች ጋር ትገናኝና ትያዛለች። በመታጠፊያ መሀል የሚያዝ መሪ ከሚጫወት መሪ የባሰ ነው። በተጨማሪም ከመጠን በላይ የጠበቀ መሪ ከመታጠፊያ ሲወጡ በራሱ አይመለስም፤ ሾፌሩ ቀጥ ለማለት መታገል አለበት፤ ጥርሱም ቶሎ ያልቃል።

ልኩ እንዲህ ነው፦ ማስተካከያው ሲጠብቅ መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞሮ የትም ቦታ መክበድ የለበትም። አንድ ቦታ ላይ ከከበደ ላላ ይደረጋል። በዚያ ልክ ላይ መሀሉ አሁንም የሚጫወት ከሆነ ዘንጉና ፒኞኗ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ ከዚህ በኋላ መቀየር እንጂ ማጥበቅ አያድንም። ምንም ክፍተት የሌለው መሪም የለም፤ ግራሶ የሚቀመጥበት ቀጭን ቦታ ያስፈልጋል። ዜሮ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የደረቀ መሪ ነው።

ይህ ሕግ የመኪና ብቻ አይደለም። ባሕር ላይ በሸራ ጀልባ ብንሄድ ያው ነው። ትልቅ መሪ ባለው የሸራ ጀልባ ላይ መሪው ሰንሰለት ይስባል፤ ሰንሰለቱ የብረት ገመድ ይስባል፤ ገመዱ በመዘውሮች ዞሮ ከኋላ ያለውን የሩብ ክብ ቅርጽ ብረት ይስባል፤ ይህ ብረት ውሃ ውስጥ ያለውን የመሪ ሰሌዳ ግንድ ያዞራል። ገመዱ በጊዜ ብዛት ይለጠጣል፤ የመዘውሮቹ ማሰሪያ ይላላል፤ የሩብ ክቡ ቡሎን ይላላል፤ የግንዱ ማረፊያ ይበላል። መርማሪው መሪውን አስሮ ከኋላ ያለውን ሩብ ክብ በእጁ ይወዘውዛል፤ ቀድሞ የሚነቃነቀውን ይፈልጋል። እዚያም ፈተናው አንድ ነው፤ ገመዱን እንደ ክራር ጅማት መወጠር። ከመጠን በላይ የተወጠረ ገመድ መዘውሮቹን ይጫናል፣ መሪው ይከብዳል፣ መርከበኛውም ውሃው ሰሌዳውን ሲገፋው ይሰማው የነበረውን ያጣል።

ጥገናው

ቴስቲና ላልቶ ከተገኘ ይቀየራል። አይበየድም። ክብ ራሱና አንገቱ በልዩ ሙቀት የጠነከረ ብረት ነው፤ የብየዳ እሳት ሲነካው ያ ጥንካሬ ይጠፋል ወይም ብረቱ ተሰባሪ ይሆናል፤ የሚሰበረው ደግሞ ብዙ ጭነት በሚያርፍበት ጊዜ፣ ማለትም በመታጠፊያና በፍሬን ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ቆርቆሮ መክተትም መፍትሔ አይደለም፤ ክፍተቱን ለጥቂት ጊዜ ይሞላና ራሱ ተፈጭቶ ይወጣል። ቶርኖ ቤት የሚያዋጣው ለሌላ ነገር ነው፤ ለቦኮላ፣ ለማረፊያ ቀለበት፣ ከነሐስ በልኩ ለሚወጣ ነገር። ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ አሥርት ዓመታት ያለፉትን መኪና በሕይወት የሚያቆየው በከፊል የቶርኖ ባለሙያው እጅ ነው፤ ነገሩ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለባቸው የመሪ መጋጠሚያዎች ላይ ሲደርስ ግን ራሱ ባለሙያው እምቢ ማለት አለበት።

አሮጌው ቴስቲና ከመውጣቱ በፊት ክሩ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ሲፈታም ስንት ዙር እንደዞረ ይቆጠራል። አዲሱ በዚያው ዙር ይገባል። ይህ ግን መኪናው በሰላም አላይመንት ወደሚሠራበት ቦታ እንዲደርስ ያህል እንጂ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የክሩ እርምጃ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን አንድ ዙር ስሕተት ዘንጉን በዚያው ልክ ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል፤ ጎማው ጠርዝ ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ ሆኖ ይታያል፣ ጎማውንም በአንድ ጎኑ ይበላዋል። መሣሪያ በሌለበት ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጥሮ ማየት ይቻላል፤ ግምቱ ግን ለመንገድ ብቻ ነው። በመጨረሻ ዳዶው በልኩ ይጠብቅና መቆለፊያ ሽቦው አዲስ ይገባል። አሮጌውን አቃንቶ መመለስ ልማድ ነው፤ ግን አንዴ የታጠፈ ሽቦ ሁለተኛ ሲታጠፍ የመሰበር ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ብዙ መጋጠሚያ በትንሽ በትንሹ ላልቶ ሁሉንም ለመቀየር ገንዘብ ካልበቃስ? ቅደም ተከተሉ የሚወሰነው በክፍተቱ ስፋት ሳይሆን መጋጠሚያው ቢላቀቅ በሚመጣው ነገር ነው። ቴስቲና ከወጣ አንዱ ጎማ ከመሪው ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ ስለዚህ እርሱ ይቀድማል። የዘንጉ መሀል መበላት መኪናውን ያዋልላል እንጂ ድንገት አይጥለውም፤ ሊቆይ ይችላል።

የለመደ እጅ

እነዚህ መኪናዎች በጉልበት አይታሙም። 404 በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963 አሸንፏል፤ ከ1966 እስከ 1968 ደግሞ በተከታታይ ሦስት ጊዜ። ያ ድል የተገኘው በጭቃና በድንጋይ ላይ ነው። ዋናው አደጋ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው፤ ከሾፌሩ ልምድ።

መሪ በአንድ ቀን አይላላም። በየሳምንቱ በፀጉር ያህል ይላላል፤ እጁም በዚያው ልክ ይለምዳል። መኪናውን በየቀኑ የሚነዳ ሰው መሪው መጫወቱን ከማንም በኋላ ነው የሚያውቀው። «የኔ መሪ ደህና ነው» የሚለው ውሸቱን አይደለም፤ ለእርሱ ደህና ነው። ስለዚህ መሪን ለመመርመር ትክክለኛው ሰው መኪናውን የማይነዳው ነው፤ ጎረቤት ሾፌር፣ ተራ አስከባሪ፣ መኪናውን ለአንድ ቀን የተረከበ ተቀያሪ። ተቀምጦ መሪውን በሁለት ጣት ወዲህ ወዲያ ይበለው፣ የፊት ጎማውን ከውጭ አንድ ሰው ይየው። ጎማው ከመንቀሳቀሱ በፊት መሪው ጠርዝ ላይ ከአንድ ጣት በላይ ካለፈ ቀጣዩ ጉዞ ወደ ደንገጎ ሳይሆን ወደ ጋራዥ ነው።